ታይቱ ያነሳችው መሰላል

በቆላዋ ኮኪት የምትኖረው ታይቱ ማሽላ መጠበቅ የተማረችው በልጅነቷ፣ ማማ ላይ ተሰቅላ ነው። አባቷ ከደጋ ወርደው መሬት ሲያቀኑ ግሪሳ ወፍ አስመርሯቸው ነበር። ስለዚህ በጠዋት ልጃቸውን ማማው ላይ ያወጡና መሰላሉን አንስተው ይሄዳሉ። ልጅ መውረጃ ካገኘ ጨዋታ ሲያሯሩጠው ይውላል፣ ማሽላውም የወፍ ሲሳይ ይሆናል ባይ ናቸው። ጎረቤቱም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ክፋት አይደለም፤ ልማድ ነው። የልማድ ሞኝነት ደግሞ የሚታወቀው ሰው ሲሰበር ነው።

ታይቱም ወልዳ ስታሳድግ ያንኑ አደረገች። ባሏ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል፤ ማሽላው አሽቷል፤ አጠገቧ ያለችው የስምንት ዓመቷ ልጇ ሰርካለም ብቻ ናት። አንድ ቀን ልጅቱን ማማው ላይ አውጥታ፣ መሰላሉን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። የቆላ ፀሐይ አይምርም። ሰርካለም ጠማት፤ ተጣራች፤ የሚሰማት ስታጣ ቋሚውን እንጨት አቅፋ ልትወርድ ሞከረች። አመለጣት። መሬቱን በእጇ እመክታለሁ ስትል ግራ እጇ ከክርኗ ከፍ ብሎ ተሰበረ።

“አዳልጧት ነው” አለች ታይቱ ለጎረቤቶቿ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ወጌሻው አያ አለነ ተጠሩ። በሬም ሰውም ጠግነው ስም ያተረፉ ናቸው። የሰርካለምን እጅ ጎትተው በቀርቀሃ ስንጥር ግጥም አድርገው አሰሩላት። “ያልጠበቀ አይጠግንም፤ እንዳትፈቺው” ብለው ሄዱ። ታይቱ ታዘዘች። የልጅቱ ጣቶች ሲያብጡም፣ ሌሊቱን ስታቃስት ስታድርም ታዘዘች። ረፋዱ ላይ ሰርካለም ዝም አለች።

“ተመስገን፣ ተሻላት” አለች ጎረቤቷ አሰፋች።

ታይቱ ግን የልጇን ጣቶች ስትነካቸው በዚያ ሁሉ ሙቀት ቀዝቅዘዋል። ቆነጠጠቻት።

“አመመሽ፣ ሰርኬ?”

“ምኑ?” አለች ልጅቱ።

ታይቱ በዕድሜዋ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ቢላዋ አነሳች።

“ኧረ አያ አለነ ይቀየሙሻል” አለቻት አሰፋች።

“ይቀየሙ” አለችና ማሰሪያውን በጠሰችው። ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ? ጨርቄን ማቄን ሳትል ልጇን ታቅፋ እህል የጫነ መኪና ላይ ወጣች። ገንዳ ውሃ ከተማ ሆስፒታል ስትደርስ ወደ ጎንደር ላኳት።

“እንዴት ወደቀች?” አለ የጎንደሩ ሐኪም።

“መሰላሉን አንስቼባት” አለች ታይቱ። እዚያ መዋሸት አልሆነላትም።

አጥንቱ ተስተካክሎ በሽቦ ተያዘ። እጇ ከመቆረጥ ለጥቂት ነበር የተረፈው። ሲነጋ ሐኪሙ ልጅቱን ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ ጠየቃት፤ ተንቀሳቀሱ፤ ትንሿ ጣት ብቻ እንቢ አለች። “ከጊዜ ጋር ትመለስ ይሆናል፤ ላትመለስም ትችላለች” አለ፣ ሳያባብል። ታይቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ሰርካለም እናቷን አየት አድርጋ፣ በደህናው እጇ ቀሚሷን ያዘቻት።

“እማ፣ በቃ አታልቅሺ” አለቻት። “ሁለተኛ ሳትፈቅጂልኝ ከማማው አልወርድም።”