ተኝቶ እንዲነቀልለት

ባሌ የሚፈራው ነገር አልነበረም፤ ከጥርስ ሐኪም በቀር። የተወለደው ጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚያመርቱ ገበሬዎች ቤት ነው። ልጅ ሳለ መንጋጋው ታሞ፣ አባቱ እጆቹን፣ አጎቱ ራሱን ጥርቅም አድርገው ይዘው የመንደሩ ወጌሻ በጉጠት ነቀለው። ጥርሱ ተሰብሮ ግማሹ ስለቀረ እንደገና ገቡበት። ይህን ሲያጫውተን እየሳቀ ነው፤ እጁ ግን ሳይታወቀው ወደ ጉንጩ ይሄዳል።

ካደገ በኋላ ደብረ ታቦር ገብቶ ልብስ ሰፊ ሆነ። ገበያው ዳር ባለችው ጠባብ ሱቃችን እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የካህናት ካባ፣ የሚዜ ልብስ፣ ያልሰፋነው የለም። መርፌ በከንፈሩ ይዞ ከደንበኛ ጋር ያወራል። “አንድ ቀን ትውጠዋለህ” ስለው “መርፌ እኔን ይፈራኛል” ይለኝ ነበር።

ጥርሱን የታመመው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ሥራው እስከ አንገታችን ደርሶ ነበር። ቅርንፉድ ነከሰበት፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ፣ ነጭ ሽንኩርት ወተፈበት። ምንም አላስታገሰለትም። አንድ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊከድነው ደረሰ። ጨርቅ የምንገዛቸው የጎረቤት ነጋዴ ሐጂ ሲያዩት አዘኑና “በአላህ፣ ሂድ እንጂ! አዲስ የተከፈተው ክሊኒክ አስተኝቶ ይነቅላል ይላሉ። ስትነቃ አልቋል” አሉት። አስተኝቶ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ። በማግስቱ ጠዋት ቁርሳችንን በልተን አብረን ሄድን።

ክሊኒኩ ንጹሕ ነበር። በሩ ላይ “ያለ ሕመም እንነቅላለን” የሚል ተጽፏል። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ሲያናግር አንገቱን ሰበር ያደርጋል። አፉን ከፍቶ አየውና “ጋሼ፣ ድድዎን ብቻ ባደነዝዘው ይበቃል፤ ምንም አይሰማዎትም” አለው።

“አይ ዶክተር፣ ወንበሩን ሳየው ራሱ በልጅነቴ የነቀሉኝ ታየኝ። እባክዎን አስተኝተው ይንቀሉልኝ” አለ ባሌ።

ወጣቱ አጠገቡ የቆመችውን ነርስ አየት አደረጋት። ትንሽ አመነታ። “እሺ፣ ቀለል ያለ የሚያስተኛ መርፌ እሰጥዎታለሁ” አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “አይስጉ እህቴ፣ ወዲያው ይነቃሉ” አለኝ።

ባሌ ሊገባ ሲል የልብስ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ትዝ አለው። አውልቆ ሰጠኝና “ያዢልኝ፣ ጥርሳቸውን ሊለካ የመጣ እንዳይመስላቸው” አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ቀልድ ነው።

በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋት ተሰማኝ። ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ የእሱ ማንኮራፋት ነው። ከጎኔ ተራ የምትጠብቅ ሴት “ማነው እንዲህ?” ስትል “የኔው ነው” አልኳትና ተሳሳቅን። ደስ አለኝ፤ ተኝቷል፣ አይፈራም ማለት ነው። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ጨረሱ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ደግፌ ላወጣው ተነሣሁ።

ነርሷ በሩን በርግዳ እየሮጠች ወጣች። “ባጃጅ! ባጃጅ ጥሩልኝ!” ትላለች። ገባሁ። ባሌ ወንበሩ ላይ ተንጋልሏል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሐኪሙ ደረቱን እየተጫነ ላቡ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። “ጋሼ! ጋሼ ይተንፍሱ!” ይላል። ኦክሲጅን የለ፣ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ የለ። ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባነውና ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሆስፒታል ደረስን። ዳገቱን ስንወጣ ባጃጁ ሲያቃስት፣ እሱ የተነፈሰ እየመሰለኝ ጆሮዬን አፉ ላይ አደርግ ነበር።

በሆስፒታሉ ብዙ ደከሙለት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ወጥተው ትከሻዬን ይዘው “አልተረፉም” አሉኝ። ከመገነዙ በፊት አፉን ልከድንለት ስል ውስጡ ጥጥ አገኘሁ። ጥርሱ ተነቅሎ ነበር።

ቀብር ካለፈ በኋላ ከጤና መምሪያው ተቆጣጣሪ የሆነች ሴት ቤቴ መጣች። ሌሊት ሲተኛ ያንኮራፋ ነበር? ጠዋት ምግብ በልቶ ነበር? ከመርፌው በፊት እነዚህን የጠየቃችሁ ሰው ነበር? እያለች ጠየቀችኝ። ማንም አልጠየቀንም አልኳት። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሚያንኮራፋ ወይም ምግብ የበላ ሰው በመድኃኒት ሲተኛ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። ክሊኒኩ ፈቃድ ያለው ድድ አደንዝዞ ለመንቀል ብቻ ነው። ሰው የሚያስተኛ መድኃኒት ለመስጠት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሰመመን ባለሙያ መኖር አለበት፣ ኦክሲጅን መኖር አለበት፣ ጥርስ የማይነቅል፣ ትንፋሹን ብቻ የሚከታተል ሰው አጠገቡ መኖር አለበት።

“ይህ ሕግ አሁን ነው የወጣው?” አልኳት።

“አይደለም፤ ድሮም ነበር” አለችኝና አንገቷን ደፋች።

ከዚህ የባሰ ያመመኝ ነገር አልነበረም። ሕግ ባይኖር ኖሮ የእግዜር ቁጣ ነው ብዬ እቀበለው ነበር መሰለኝ።

ክሊኒኩ ታሸገ። ወጣቱ ሐኪም ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ከስቶ ሌላ ሰው መስሏል። እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። “ለመኑኝ፤ አዘንኩላቸው። ሌላ ቦታ ሲደረግ አይቼ ምንም አይሆንም ብዬ ነው” አለኝ እየተንሰቀሰቀ። እንዳልዋሸኝ አውቃለሁ። በልቤ ልጠላው ሞከርኩ፣ ግን ለባሌ ከእኔ ቀጥሎ በመጨረሻ ያዘነለት እሱ ነው። ለሽማግሌዎቹ “ቂም አልይዝበትም፤ ለሚጠይቀኝ ግን ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ” አልኳቸው። ፍርድ ቤት ቀርቤ ተናገርኩ። ተፈረደበት፤ ፈቃዱንም ተነጠቀ። ፍርዱን ሰምቼ ስወጣ ይቀለኛል ያልኩት ደረቴ እንደነበረው ነው።

ቤት ስመለስ የባሌ እናት ከጉና ወርደው ይጠብቁኝ ነበር። ከልቅሶው ጀምሮ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ “በጥርስ ሰው ይሞታል እንዴ?” በዚያ ቀን ተቀምጬ ከተቆጣጣሪዋ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ።

“እንግዲህ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን የሚያይለት ሰው ጠፍቶ ነው በይኛ?”

“ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው፣ እማየ። የሚከታተልበት መሣሪያም ያስፈልገዋል” አልኳቸው።

የሰሙኝ አልመሰለኝም። “ሕፃን ሆኖ ሲታመምብኝ እኮ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ አድር ነበር” አሉ። “ምነው ልካችሁ ብትጠሩኝ? እኔ እቀመጥለት ነበር።”

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አብረን አለቀስን።