ዓሣ ይዞ የሚለቀው ሰው

ገበያ ወጥቼ ገብስማ አውራ ዶሮ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ አንገቱ ነው። ሻጮቹ ሥጋውን የምገምት ይመስላቸዋል። እኔ ግን የማየው ላባው ሙሉ መሆኑን ነው። ይህ አመል የጀመረኝ በልጅነቴ፣ ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ሮቢ ወንዝ አጠገብ ባለች ሰፈር ነው።

በዚያ ዘመን ክረምቱ ሲወጣ ወንዙ ከቤታችን ማዶ ያለውን ሜዳ ያጥለቀልቀው ነበር። ጨፌው እንለዋለን። ውሃው ከጉልበት አያልፍም፤ ሣሩ ጫፉን ብቻ ብቅ አድርጎ ይቆማል። ቆላ ነውና ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ የሞቀ ጭቃና የራሰ ሣር ሽታ እስከ ደጃችን ይመጣል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ዓሣ ማጥመድ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ መንጠቆ ላይ ትል ሰክቶ ጥልቁ ውሃ ዳር ቁጭ ማለት ነው፤ የያዘም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

አንድ መስከረም ጋሽ ደምሴ መጣ። የሰፈራችን ተወላጅ ነው። በጉርምስናው አሰብ ወርዶ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ፣ አሰብ ስትቀር ባዶ እጁን ተመልሶ ወንድሙ ጓሮ ጎጆ ቀለሰ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለሰፈራችን ሰው ይኸው ብቻ ለጥርጣሬ በቂ ነበር። እሱ ግን በየማለዳው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጨፌው መሀል ይቆምና ረጅም ሸምበቆ እያወዛወዘ ክሩን ከራሱ በላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያስወነጭፋል። መንጠቆው ላይ ትል የለም፣ ሥጋ የለም። ያለው ላባ ነው።

እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ጡት ስትጠባ እንኳ በአንድ ዓይኗ ታየኝ ነበር» ትላለች። ስለዚህ ጨፌው ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ተደብቄ ስሰልለው ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ክንድ የሚያህል ዓሣ ያዘ። መንጠቆውን ቀስ ብሎ አወጣለት፤ ከውሃው ሳያወጣው በሁለት እጁ ደግፎ ጎንበስ አለ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ለቀቀው። እኛ ቤት ዓሣ ሲገኝ አጥንቱ እንኳ ይቀቀላል፤ ይህ ሰውዬ ግን ያንን የሚያህል ዓሣ ለቀቀው።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። አንሾካሾከለትና ላከው አልኳት። «ላከው» የምትለዋን የጨመርኳት ራሴ ነኝ። ወሬው ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ ጋሽ ደምሴ በዓሣ መልእክት የሚልክ መተተኛ ሆኖ ነበር። ይባስ ብሎ እሱም ከቤት ቤት እየዞረ ላባ መለመን ጀመረ፤ ያውም የገብስማ አውራ፣ ያውም የአንገቱን። በእኛ አገር የዶሮ ቀለም መርጦ ገብስማ አምጡ የሚል ጠንቋይ ብቻ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ሴቶቹ ዶሮ ባረዱ ቁጥር ላባውን ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩ ጀመር። እናቴም «ከጠረጠርክ መንጥር» ብላ ወደ ጨፌው ድርሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ።

መከልከሏ ይበልጥ አስኬደኝ። አንድ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ፊቱን ሳያዞር ነይ ውጪ አለኝ። ከደንገሉ ወጣሁ። አልተቆጣም። አሰብ ላይ ባሕሩ ከዳር እንደኛ ጨፌ ጥልቀት የሌለው፣ ከሥሩ ሣር የበቀለበት ቦታ እንዳለው ነገረኝ። ውሃው በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሲመጣ ዓሦቹ ሣሩ ውስጥ ሊበሉ ይገባሉ፤ አፋቸውን ወደ ታች ሲደፉ ጅራታቸው ከውሃው በላይ ይታያል። ላባን በራሪ ነፍሳት አስመስሎ መንጠቆ ላይ አስሮ መወርወርን ያስተማረው አንድ የመርከብ ሠራተኛ ፈረንጅ ነው። ገብስማ የሚፈልገው ዝንጉርጉሩ ላባ ውሃ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ስለሚመስል ነው።

«ዓሣ እንደ አገራችን ሰው ነው» አለኝ። «ቀድሞ የሚያየው ጥላሽን ነው። ጥላሽን ካየ በኋላ አንቺን አያይም።»

ለዓሣው ምን እንደሚያንሾካሹክለት ጠየቅኩት። ትንፋሹ እስኪመለስ እየቆጠርኩ ነው የምይዘው አለኝ። ለምን ትለቀዋለህ ስለው፣ ብቻዬን ነኝ፣ ለእራቴ አንድ ይበቃኛል አለ። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ቁጥር ከሆነ ለምን ጮክ ብሎ አይቆጥርም እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ግን ያቺ ላባ ውሃ ውስጥ ስትንቀሳቀስ አይቻታለሁ፤ ልቤ ተሰርቋል።

እናቴ ለገና ያሳደገችው ገብስማ አውራ ነበረን። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ያዝኩትና ከአንገቱ አንድ እፍኝ ነቀልኩ። ጋሽ ደምሴ ከየት አመጣሽው አለኝ፤ እናቴ ሰጠችኝ አልኩት። ላባውን በቀይ ክር መንጠቆ ላይ ማሰር አስተማረኝ። በራሴ እጅ ባሰርኳት ላባ አንዲት ቆሮሶ ዓሣ ያዝኩ። እጄ ውስጥ ስትፈራገጥ የተሰማኝን ደስታ ዳግመኛ አላገኘሁትም።

በዚያው ሳምንት የአራት ዓመት ወንድሜ ሞላ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ብርድ ልብስ ሲደርቡለት ደግሞ በረደኝ ይላል። እናቴ እሱን ታቅፋ ደጅ ተቀምጣ ሳለ አውራ ዶሮው ከፊቷ አለፈ። አንገቱ ራቁቱን ነበር። እናቴ ስትደነግጥ አየኋት። እጄን ጨምድዳ ይዛ ማን ነቀለው አለችኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ «ጋሽ ደምሴ ሲነቅል አየሁት» አልኩ።

እናቴ ልጄን በመተት ያዘብኝ ብላ ከስሳው እሑድ ከሾላው ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። የጋሽ ደምሴ ወንድም ከዚህ ነገር ነጻ ካልወጣ ከጓሮዬ ይልቀቅ ብሎ ቆርጧል፤ ያቺ ጎጆ ደግሞ በዓለም ላይ ያለችው ብቸኛ ማደሪያው ነበረች። ያየሁትን እንድናገር ሲያዙኝ የዋሸሁትን ደገምኩት። እናቴ ከጎኔ ቆማለች፤ እውነቱ ቢወጣ ምን እንደሚጠብቀኝ እኔም አውቃለሁ፣ ጋሽ ደምሴም ያውቃል።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጎረቤታችን ሼህ ሁሴን ነበሩ። «ደምሴ፣ የልጅቱን ቃል ሰማህ» አሉት። «ወላሂ፣ እኔ ላባ ሰው ያሳምማል አልልም። አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ነቅለህ እንደሆን ነቅያለሁ፣ ካልነቀልክም አልነቀልኩም በል።»

ጋሽ ደምሴ አየኝ። እኔ እግሬን አየሁ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ። «ልጅቱ አልዋሸችም።»

በማግስቱ ከረጢቱን አንጠልጥሎ በጀውሃ መንገድ ሄደ። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላወቅንም። በዚያው ጠዋት ሼህ ሁሴን እናቴን ተቆጥተው ሞላን በአህያቸው ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱት፤ ደሙ ሲታይ ወባ ነበር። ክኒኑን ወስዶ በሳምንቱ ኳስ ይራገጥ ጀመር። ግን በሰፈራችን ክኒኑን ያመሰገነ አልነበረም። መተተኛው ሲሄድ ልጁ ዳነ ነው የተባለው።

ዛሬ ጨፌው የሽንኩርት ማሳ ሆኗል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲያጓራበት ይውላል፤ ባጃጁም እስከ እናቴ በር ይገባል። ሞላ የሦስት ልጆች አባት ነው። በቅርቡ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ያንኑ ሊገድለው ስለነበረው መተተኛ አወራ። ትንሿ ልጁ ላባውን ሲነቅል ማን አየው ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህች ቦታ ላይ ዝም ብዬ አልፌያለሁ፤ ያን ቀን ግን ደከመኝ።

«ማንም አላየውም» አልኩ። «የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ የኔን ጥፋት ተሸክሞ ነው የሄደው።»

ሞላ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው የምትከራከሪለት ብሎ በጎሪጥ አየኝ። ዓይኗ የደከመው እናቴ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አጠገቧ ለተቀመጠችው ጎረቤታችን፣ «አላልኩሽም? እሷንም ነክቷታል። ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቃትም» አለቻት።

ልጅ ሆኜ ስዋሽ ሰፈሩ ሁሉ አምኖኝ ነበር። ዛሬ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ እውነቱን ስናገር የወለደችኝ እንኳ አላመነችኝም። አልፈረድኩባትም፤ ጥርጣሬውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠበል እንሂድ ስትለኝ እሺ ብዬ ክንዷን ደግፌ ሄድኩ። ቀዝቃዛው ውሃ ራሴ ላይ ሲወርድ እናቴ አጠገቤ ቆማ፣ «ደምሴ፣ ተዋት፤ ልጄን ተዋት» እያለች ታለቅሳለች። እኔም ከውሃው ሥር፣ ጋሼ ይቅር በለኝ እያልኩ አለቅስ ነበር።