ድንጋዩ አጠገብ የሰማሁት መርዶ

ባለፈው እሑድ ልጄ እየነዳች ከከተማው ስንወጣ፣ የጥንት የድንጋይ ቅርጾች ወዳሉባት መናፈሻ የሚያመለክት ቡናማ ሰሌዳ አየሁ። "አባዬ፣ ታውቀዋለህ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። አውቀዋለሁ አልኳት። "እንግባ?" ስትለኝ ግን ሌላ ጊዜ ብያት አለፍነው።

መናፈሻዋን ያወቅኋት ሜልቦርን ከመጣሁ ብዙም ሳልቆይ ነው፤ ገና ወጣት ነበርኩ። ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ከጋሼ ታደለና ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር እኖር ነበር። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ነው የተዋወቅነው፤ እንደ ልጃቸው ያዩኛል። አንድ ቀን ጋሼ "ቅዳሜ ሺፍት እንዳትገባ፣ ሽርሽር እንወጣለን" አሉኝ። በዚያ ብርድ! እትዬ ብርቄ መኪናው ውስጥ ንፍሮ የሞላ ድስት ታቅፈዋል፤ ከኋላችን ያገራችን ሰዎች የጫኑ ሁለት መኪኖች ይከተሉናል። ምንም አልጠረጠርኩም።

መናፈሻዋ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ እርጥብ ሣርና በአጭር አጥር የተከለለ ሰፊ ድንጋይ ነበረች። ድንጋዩ ላይ ጥንት የአገሩ ሰዎች የቀረጿቸው ክቦች አሉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጋሼ ትከሻዬን ያዙኝ።

"ልጄ፣ በርታ። እናትህ አርፈዋል።"

ሴቶቹ እሪ አሉ። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን ደቁ። ከዚያ በፊት ፎቁ ላይ መርዶ ሲነገር ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶ ነበርና፣ እንደ ልቤ እንዳለቅስ ብለው ነው ሜዳ የመረጡልኝ። እኔ ግን ድንጋዩን አየሁ። ከክቦቹ አንዱ የዝናብ ውሃ ቋጥሯል።

የቦታው ጠባቂ፣ ከጥንቶቹ ባለአገሮች ወገን የሆነች ሸምገል ያለች ሴት፣ እየሮጠች መጣች።

"ማን ተጎዳ?"

"እናት ሞተ። ቤት ማልቀስ የለም" አሏት ጋሼ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

ታስወጣናለች ብዬ ነበር። አየችንና "እንግዲያው እዚህ አልቅሱ" አለች። ሄዳ የመናፈሻዋን በር ዘጋች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ የሚመጡትን ጎብኚዎች መለሰች።

ንፍሮው ሲታደል በላሁ። ጨው አንሶታል። "ደንግጦ ነው፣ እንባው ይወጣለታል" ሲባባሉ ሰማሁ። ስንወጣ ሴትዮዋ እትዬ ብርቄን አቅፋ አጽናናቻቸው፤ እናታቸው የሞቱባቸው እሳቸው መስለዋት ነበር። ማንም አላረማትም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወደ መኪናው ሄድን።

ይወጣለታል ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔም አርጅቻለሁ፤ እንባው አልመጣም፣ መጠበቁንም ትቻለሁ። እናቴን ግን እወዳት ነበር። ያን ቀን ይህችን እንኳ አፍ አውጥቼ አላልኩም።