መውጫ የሌለው ሱሪ

ፈንጂው ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በታች ሲወስድ ሞኝነቴን ግን ሳይነካ ተወልኝ።

ከግንባር ተመልሼ ልደታ፣ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ክረምት ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ያኔ የሌለው እግሬ ብድግ ይላል። ወደ ጦር ሜዳ አይሄድም፣ ብልጥ ነው። ከውትድርና በፊት ወደምሠራበት ስፌት መኪና ሄዶ ቀስ እያለ ፔዳሉን ይረግጣል። እሱ ሥራ ላይ፣ እኔ በረንዳ ላይ። ቀናሁበት።

አንድ ቀን ክራንቼን ይዤ ተከተልኩት። አብነት ሰፈር አንድ የወሎ ሰው፣ አሮጌ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል።

«ሐጂ፣ በአንድ እግርም ቢሆን እሰፋለሁ» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ታቹ ቶሎ ስላለቀ ብዙ አልፈጀባቸውም።

«አንድ ሳምንት አይሃለሁ። ካልሆነልህ ግን እዚህ ተጎልተህ ዝንብ እሽ እንድትል አልፈልግም።»

እኔም አልፈልግም ነበር። ካልሆነልኝ በረንዳው እየጠበቀኝ ነው።

መኪናው የተሠራው ለሁለት እግር ነው። በግራዬ ብቻ ስረግጠው መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ይበጥሰዋል። አራት ቀን ሙሉ ክር ስበጥስ ዋልኩ። በአምስተኛው ቀን በተረከዜ ገፍቼ በጣቶቼ መመለስ ለመድኩ። መዘውሩ ወደ ፊት ሄደ! ድምፁ እንደ ሩቅ ዝናብ ነበር፤ ገባሁበትና ጠፋሁ። በእጄ አንድ የፍርድ ቤት ሠራተኛ እንዲያጥርለት የተወው ግራጫ ሱሪ ነበር። ግራውን ሰፋሁ፣ ቀኙን ሰፋሁ፤ ልቤ ሰማይ ላይ።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ሰውየው ሊለካው ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። በአንድ እግር ሲዘል ሰማን።

«ሐጂ! ይሄ ሱሪ መውጫ የለውም እኮ!»

ብቅ ሲል ቀኝ እግሩ ጉልበቱ ጋ ተቀርቅሯል። ለካ በየጠዋቱ የራሴን ሱሪ እንደማደርገው፣ ቀኙን ወደ ላይ አጥፌ ዘግቼዋለሁ። ያውም በድርብ ስፌት።

የእህቴ በረንዳ ዓይኔ ላይ መጣ።

«ወንድሜ፣ አገሩን ሁሉ እንዳንተ ልታደርገው ነው?» አለኝ ሰውየው፣ ፎጣ አገልድሞ።

«ኧረ እርስዎን ብቻ ነው! ቢሮ ቁጭ ብለው ስለሚውሉ አይጎዱም ብዬ።»

እሱ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ሱሪውን ተቀብለው ስፌቱን በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ ደግመው ሳቡት። ንቅንቅ አላለም።

«ስፌቱስ ስፌት ነው» አሉ። «ቦታው ነው እንጂ።»

ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት፤ ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ደረሰለት።

ቀትር ሲቃረብ ሐጂ ለሶላት ውዱእ አድርገው ቆባቸውን ደፉ። በሩ ላይ ቆም አሉና ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት።

«ለጁምዓ ሄጃለሁ። ሰው ከመጣ ለካ። ሁለቱንም እግር!»

እስኪመለሱ ማንም አልመጣም። መንገዱ በፀሐይ ሲርገበገብ እያየሁ፣ በአብነት ያለፈውን ሰው ሁሉ በዓይኔ ለካሁት።