«ታስረው ያውቃሉ?» የምትለው መስመር

የያዙኝ ከመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ባጅ የሌለው ሰው የማይገባበት ጥብቅ ግቢ ነው፣ እኔም የግቢው ኤሌክትሪሻን ነበርኩ። መጀመሪያ የነጠቁኝ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ነው። የከተቱኝ ክፍል ውስጥ ዐሥራ አንድ ሰው ነበር። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ከኩልፎ ወንዝ በኩል የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል። እኔ ግን፣ ሞኝ አይደለሁ፣ ከሁሉ ይበልጥ የማስበው ስለ ባጁ ነበር። አንዴ የታሰረን ሰው መልሰው ያስገቡት ይሆን?

አጠገቤ የሚተኙት ሰውዬ ሰሜን ተወልደው አርባ ምንጭ ያረጁ ጡረተኛ ነበሩ። በአምስተኛው ቀን የድሮ ሥራቸውን ነገሩኝ። የሰው ታሪክ ማጣራት ነበር፤ እንደኔ ዓይነቱ ግቢ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር ከሚሉት አንዱ ነበሩ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ጋሼ! ታዲያ አሁን የእርስዎን ታሪክ ማን ያጣራል?»

«ሳቅ፣ ሳቅ» አሉኝ። «ሲያንሰኝ ነው።»

ስቄ ሲወጣልኝ ያ የባጅ ነገር መጣብኝ። «እኔን ይጥሉኝ ነበር?» አልኳቸው።

«የምንጥለው የታሰረውን ሳይሆን የደበቀውን ነው ይባል ነበር።» ጢማቸውን አሻሹ። «ልዋሽህ አልፈልግም። ያልደበቀውንም ጥዬ አውቃለሁ። ፊርማዬ አለበት።»

ተናደድኩ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሽንት ቤት ስንመለስ ሽማግሌው የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ቀጥ ብለው ተቀመጡና «ይምጡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። እኔን! ጠባቂዎቹ «አንተ ቆሻሻ» በሚሉን ክፍል ውስጥ አንቱ ተባልኩ። የሚያወሩት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

«ሙሉ ስምዎ?»

ነገርኳቸው።

«ሥራዎ?»

«ኤሌክትሪሻን።»

«ታስረው ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«ምክንያቱ?»

«አልተነገረኝም።»

«እንደዚያው ይጻፋል» አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ያኔ ሰዎቹን እንዲህ አስቀምጬ መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ።

ስፈታ ባጁን ለማግኘት እውነተኛውን ቅጽ ሙላ ተባልኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ «ፍርድ ቤት እንኳ አልቀረብክ፣ ‹አልታሰርኩም› በልና ግባ» አለኝ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። እናቴ በጋሞኛ የምትሰድበኝ ስድብ ሁሉ ስለዚሁ ግትርነቴ ነው። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ባጁ አልተመለሰም።

አሁን ጫኖ መንደር ለሙዝ ማሳ ውሃ የሚስቡ ሞተሮችን እጠግናለሁ። እንጀራ ነው፣ ይመስገን። በዚያ ግቢ በር ባለፍኩ ቁጥር ግን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት ልጄ እዚያው ግቢ ለሥራ አመለከተች። ቅጹ «ከቤተሰብ የታሰረ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«የአንተው ይበቃል። ‹የለም› ትበል፣ በፈጠረህ!»

ያ ሁሉ ግትርነት የት እንደገባ እንጃ፣ ተሸነፍኩ። ለራስ እውነት መናገር ምን አለው? የልጅ እንጀራ ሲሆን ግን ሆድ ይባባል። «የለም በይ» ልላት ወደ ሳሎን ተመለስኩ።

«ልጄ፣ ያቺን መስመር...»

«ጽፌያታለሁ አባዬ። ስንቴ ነግረኸኝ የለ?» አለችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

አዎ። አባቴ። ምክንያቱ አልተነገረውም።

መልሱ ገና አልመጣም። ባለቤቴ እስካሁን አኩርፋኛለች። ልጄ ቅጹን ልታስገባ ስትወጣ ግን ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ በዚያ ሙቀት፣ እስከ ሲቀላ ሰፈር ሸኘኋት።