ማህተሟ

በጦሩ የቤተሰብ ጉዳይ ቢሮ በር ላይ፣ ከጥበቃው ቤት አጠገብ፣ አንዲት ሴት ወንበር ዘርግታ ትቀመጣለች። ሥራዋ ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳይደክም ወረቀቱ መሟላቱን ማየት ነው። ለመጣው ሁሉ መጀመሪያ የምትለው «ማህተም አለው?» ስለሆነ፣ ስሟ ቀርቶ «ማህተሟ» ተብላለች።

መጀመሪያ የመጣችው ራሷ ባለጉዳይ ሆና ነው። አስር አለቃው ባሏ ግንባር በሄደ በዓመቱ ልጃቸው ታመመችና የቤተሰብ ሕክምና መታወቂያ ልታወጣ ሄደች። የጋብቻ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ነው ብለው መለሷት። ዋናውን ስታመጣ የባሏ ጦር ክፍል የጻፈው ደብዳቤ ቀኑ አልፎበታል አሏት። እግሯ እስኪቀጥን ተመላልሳ መታወቂያው እጇ ሲገባ ልጅቷ ከዳነች ሰንብታለች። ከዚያ ወዲያ ቤቷ ቅርብ ነውና ጠዋት ጠዋት እየመጣች፣ «አንቺ፣ ሁለት ፎቶ ይጎድልሻል፤ በከንቱ ፀሐይ አይምታሽ፣ አሟልተሽ ነይ» ማለት ጀመረች። ጥበቃው ሁለቴ አባረራት። ሰልፉ በግማሽ ሲያጥር ግን ኃላፊው ራሱ ወርዶ፣ «እስቲ ይህቺን ሴትዮ ቅጠሯት» አለ።

ባሏ በአራተኛው ዓመት ሙሉ አካሉን ይዞ ተመለሰ። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ አላት። እሱ ግን መጋረጃ ዘግቶ ይውላል። በር በኃይል ከተዘጋ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማህተሟ በቀን አምስት ስድስት ሚስቶችን «ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ የምክር ክፍል፤ ምንም አያሳፍርም» እያለች ትልካለች። የራሷን ባል ግን ገበናዬ አደባባይ አይውጣ ብላ ስምንት ወር ቤት አስቀመጠችው። ለጠየቃት «ድካም ነው» ትላለች።

አንድ ቀን የምክር ክፍሏ ነርስ ለምሳ ስትወጣ አጠገቧ ቆመች።

«ሰውዬሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ልጅሽ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ጋ መጥታ ነበር። ብቻዋን።»

«ምን ልትል?»

«አባቴን ለማስመዝገብ ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል አለችኝ። እናትሽን አትጠይቂም ብላት፣ ‹እሷ የሰው ብቻ ነው የምትሠራው› አለች።»

ማህተሟ ወንበሯን አጥፋ ለጥበቃው ሰጠችና ቤቷ ሄደች።

«ነገ ከእኔ ጋር ትወጣለህ» አለችው።

«የት?»

«መሥሪያ ቤቴ። ሁለተኛ ፎቅ።»

ባሏ የመጋረጃውን ጫፍ ሳበ። «እዚያ ሁሉም ያውቅሻል እኮ። በእኔ የተነሳ ሰው ጣቱን ይቀስርብሻል።»

ስምንት ወር እሷ እሱን ስትደብቅ፣ እሱም የተደበቀው ለእሷ ብሎ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። «የፈለገ ይቀስር» አለች።

በማግስቱ ክንዱን ይዛ በሰልፉ መሃል አለፈች። ጥቂቶች ተንሾካሾኩ። አንዲት አሮጊት ብቻ «እግዜር ይማርልሽ» አሏት።

አሁን ባሏ ሐሙስ ሐሙስ ከስድስት የቀድሞ ወታደሮች ጋር ይቀመጣል። ሦስት ሳምንት ትንፍሽ አላለም፤ በአራተኛው፣ ወንበሩ ይንቋቋል ብሎ አማረረ። የዚያን ዕለት ከስድስቱ አንዱ አናጢ ነበርና መዶሻ አምጥቶ ወንበሮቹን አብረው ሲጠግኑ ዋሉ። ምን እንደተጫወቱ ለሚስቱ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት ይሸኛል፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ። ከዚያ ወዲያ ሕንፃ እየተሠራ ብረት ስለሚጮህ፣ ብቻዋን ትሻገራለች።