በየቀኑ ሌላ ስህተት

እንጅባራ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ በከፈትኩ ሰሞን የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን፣ ፎርማት። ሲንቀራፈፍም ፎርማት፣ ሲጠፋም ፎርማት። ቱግ ባይ ስለሆንኩ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝን ደንበኛ አልወድም ነበር።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር ዝናቡን ፈርተው ኮምፒውተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ አመጡልኝ። አፕዴት ሲደረግ እየተቋረጠ አስቸግሯቸዋል።

«ፎርማት ነው» አልኳቸው፣ ገና ሳልከፍተው።

«አይሆንም ልጄ! ሁለት ዓመት ሙሉ ከየገበሬው ቤት የለቀምኩት የአገውኛ ቃል እዚህ ውስጥ ነው። እሱን ከምታጠፊብኝ እኔን ፎርማት አድርጊኝ!»

ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት፤ ግልባጩ አልከፈት አለ። ያኔ ደነገጥኩ።

የአፕዴቱን መቋረጥ ግን በኔትወርክ አሳበብኩ። የከተማው ቢሮ ሠራተኛ ምሳ ሲወጣ ኔትወርኩ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት ሞከርኩት። አንዴ ገና ሲጀምር፣ አንዴ መሃል ላይ፣ አንዴ ሊያልቅ ሲል ከሸፈ። የስህተቱ መልእክትም በየቀኑ ሌላ ነው። በንዴት ኪቦርዱን ገፋሁት።

ሊጠይቁ የመጡት መምህር ሳቁ። «ሁልጊዜ አንዱን ጥያቄ የሚሳሳት ተማሪ እሱን አላጠናም ማለት ነው። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን የሚሳሳት ግን ጤና የለውም። እኔ እንዲህ ያለውን ወደ ቤቱ ነበር የምሸኘው።»

«ሚሞሪው!» ብዬ ጮህኩ። ኮምፒውተር የሚሠራበትን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚይዘው ሚሞሪው ነው፤ እሱ ከታመመ የወረደውም የተገለበጠውም በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ይበላሻል። የሚሞሪ መመርመሪያ ፕሮግራሙን ሳስነሳ ስክሪኑ ስህተት በሚያሳይ ቀይ መስመር ተሞላ። ከሁለቱ ሚሞሪዎች አንዱን ነቅዬ ደግሜ መረመርኩ፤ ንጹሕ። አፕዴቱም ያለ ምንም ችግር አለቀ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ግን ያለ ጥፋታቸው ፎርማት ያደረግኳቸው ኮምፒውተሮች ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

ቃላቱ መትረፋቸውን ለማረጋገጥ መምህሩ አማርኛውን እያነበቡ፣ እኔ አፌን የፈታሁበትን አገውኛ እየመለስኩ፣ እየተሳሳቅን ዋልን። አንድም አልተበላሸም። ሲጨርሱ፣ እናቴ የወተት ዕቃ የምታጥንበት ቅጠል ስም ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አስተካከሉና «በይ ንገሪኝ» አሉ። በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉት፤ ሴቭ አደረጉት። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሳነው። የእናቴ ቃል እዚያው ነበር።